የመምህር እንድሪስ ዝግ ያለ ድምፅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሁሉ ዶክተር ከሆነ ቆይቷል። የታክሲ ረዳቱ «ዶክተር፣ እስቲ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ!» ብሎ ይጣራል፤ ጎመን ሻጯም «ስንት እስር ላድርግልሽ ዶክተር?» ትላለች። በዚህ የሚስቅ የለም። ረዳቱ በአፈር ጥናት፣ ጎመን ሻጯ በድልድይ ሥራ ተመርቀዋል፤ ድንገት ብትጠይቋቸው ግን ሁለቱም በምን እንደተመረቁ እስኪያስታውሱ ትንሽ ጣራ ጣራ ማየታቸው አይቀርም።

ትምህርት ነፃ ነው። ሰው ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ምንጭ የሚባለው አስተማሪ ማሽን ጆሮው ውስጥ ማታ ካቆመበት ይቀጥላል። ፊቱን ሲታጠብ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ከሚስቱ ጋር ሲኳረፍ እንኳ ይማራል። ከቧንቧ ውሃ ጋር የሚያነጻጽሩት አሉ፤ ማነጻጸሩ ልክ አይደለም፣ የቧንቧ ውሃ ይቋረጣል። ምንጭ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ልኩ እየሰፋ ስለሚያስተምር የአንዱ ትምህርት ከሌላው አይገጥምም። አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምረው ስለ ትምህርታቸው የሚጫወቱት አንድ ነገር የላቸውም። ስለዚህ ስለ ዝናብ ያወራሉ።

እውቀት እንዲህ በየደጁ ሲፈስ የሥራ ማስታወቂያዎች «የትምህርት ደረጃ» የሚለውን መስመር አወጡት። በምትኩ «በሰው የተማረ ይቀድማል» የሚል አስገቡ። በሰው መማር የባለጸጋ ነገር ነው። ደሴ ላይ ያሉ ሀብታሞች ለልጆቻቸው ሕያው አስተማሪ ይቀጥራሉ፤ አስተማሪው አርፍዶ ይመጣል፣ ይሰለቻል፣ ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። ሰርግ ላይ የሙሽሪት ወገን «ልጃችን እኮ አስተማሪዋ ጠመኔ ወርውሮባታል» እያለ ሲኩራራ የሙሽራው ወገን አንገቱን ይደፋል።

ዘምዘም እንድሪስ በሰው የተማረች ሴት ናት። ለማስረጃ የምታሳየው ነገር ስለሌላት ግን ማንም አያውቅላትም። አርባዎቹን እያገባደደች ነው። ሥራዋ ከከተማው በላይ፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ተዳፋቱን የሸፈኑትን የፀሐይ ሰሌዳዎች ከአቧራ መጥረግ ነው። ረጅም መጥረጊያዋን ይዛ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ስትሄድ ትውላለች። ሰሞኑን ምንጭ የዓሣ በሽታ እያስተማራት ነው። ዓሣ የላትም፣ የማርባት ሐሳብም የላትም። ምንጭ ግን «ትወጂዋለሽ» ብሏታል፣ እውነትም አልጠላችውም።

አብረዋት የሚሠሩት ጋሽ አበጋዝ ጡረታ የደረሱ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ምንጭ ብዙ ድምፆች አሉት፣ ተማሪው የወደደውን ይመርጣል። ጋሽ አበጋዝ ግን ምንም ይማሩ ምን በአንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ በመምህር እንድሪስ ድምፅ። እሳቸው ብቻም አይደሉም። በአገሩ ሁሉ እንደሱ የተወደደ ድምፅ የለም። ዝግ ያለ ነው፣ ከአጠገብ ቁጭ ብሎ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ነው። ሰዎች በሱ ሒሳብ ተምረውበታል፣ ሆስፒታል ተኝተው ሕመማቸውን ረስተውበታል፣ ሕፃናት አስተኝተውበታል። የሚሉትም አንድ ነው፦ «ለእኔ ብቻ የሚያስተምሩ ነው የሚመስለኝ።»

መምህር እንድሪስ የዘምዘም አባት ነው።

ያኔ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ክፉ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ በየመንገዱ ሲባክኑ ማየት አላስችል ብሎት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስልኩን በስኳር ቆርቆሮ አስደግፎ ትምህርቱን እየቀዳ በነፃ ይለቅ ጀመር። ባልደረቦቹ ሳቁበት። በነፃ የተሰጠ ነገር ማን ቁም ነገር ብሎ ይሰማል አሉት። እሱን ያስቸገረው ግን የነሱ ሳቅ ሳይሆን ባዶው ክፍል ነበር። የሱ ማስተማር ያለ ተማሪ አይሆንለትም። እንደ አገሩ አስተማሪ ሁሉ ቃሉን አንጠልጥሎ ይተወዋል፣ ክፍሉ በአንድ አፍ ይጨርስለታል። «ድምፅ የሚፈጠረው አካላት ሲርገበ…» ይላል፤ «ገቡ!» ብለው ይጮኻሉ ሃምሳ ልጆች። ቤቱ ውስጥ ማን ይጨርስለት? የሰባት ዓመት ልጁን ዘምዘምን ከፊት ለፊቱ ዱካ ላይ አስቀመጣትና ክፍሉ እሷ ሆነች።

ከዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ታስታውሳለች። አንደኛው ዱካው ላይ ተቀምጣ ቃል ስትጨርስ ነው። ሁለተኛው የአባቷ ድምፅ ነው፣ ግን አገር የሚወደው ዝግ ያለው አይደለም። አባቷ ጯሂ ነበር። «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ሁለት አጥር ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ከጎኑ ክፍል የሚያስተምሩት «እንድሪስ፣ እባክህ እኛንም አስተምሩ ብለውናል» ይሉት ነበር። ዘምዘም ትፈራው ነበር። ለምዳው ፍርሃቱ ሳይለቃት፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሞተ። ስልኩ ተሸጠ፣ ትምህርቶቹን የለቀቀበትም ገጽ ከዓመታት በኋላ ምንጭ ሲጠቀልለው ጠፋ። ምንጭ ቅጂዎቹን ሰበሰበ፣ አጠራ፣ የተንጠለጠሉትን ቃላት ራሱ ጨራረሰ፣ መምህር እንድሪስንም በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቀው ትምህርት ሁሉ አስተማሪ አደረገው።

ዘምዘም መጀመሪያ የሰማችው መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ፣ ከአንዲት ሴት ጆሮ አፈትልኮ ነው። ደንግጣ ቆመች፤ ቀጥሎ ተናደደች። ድምፁ የሱ ነው፣ ሰውየው ግን እሱ አይደለም። አለዝበውታል፣ ሞርደውታል ብላ ደመደመች፣ አንድም ቀን መርጣው አታውቅም። ለአገር ሁሉ የታደለው ገር አባት እሷ ቤት አልነበረም። ይህ ያስቀናታል፣ መቅናቷም ያሳፍራታል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዝግ ያለው ድምፅ በየታክሲው፣ በየሱቁ ሲደጋገምባት እውነተኛው ጩኸት ከጆሮዋ እየተሰረዘ መጣ። አንዳንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ ልታስታውሰው ትሞክራለች። አልመጣ ይላታል። አባቷን ሁለተኛ ጊዜ እየቀበረችው እንደሆነ ይሰማታል።

አንድ ማክሰኞ ጋሽ አበጋዝ መጥረጊያቸውን ጥለው ወደ እሷ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ሰማሽ ወይ ዘምዘም? አባትሽን ሊያነሷቸው ነው አሉ።»

«ከየት ነው የሚያነሱት?»

«ከምንጭ ነዋ! ወጣቱ አልወደዳቸውም። ይዘገያሉ ነው የሚለው። አሁን የመጣው ድምፅ በሦስት እጥፍ ይፈጥናል አሉ። በወሩ መጨረሻ ይዘጋሉ፣ ድሮ የቀዱትም አብሮ ይጠፋል። ቦታ ያዘ ተብሎ!»

ጋሽ አበጋዝ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«ሚስቴ የሞተች ሰሞን እኮ ስለ ከዋክብት እያስተማሩኝ ነው የከረሙት። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴም እንደዚሁ። አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገውብን አያውቁም።»

«እኔ ላይ ግን ይጮህ ነበር» አለች ዘምዘም።

«ወግጅ! እኚህ ሰው?»

«ወላሂ! አንቱ የሚሰሙት እሱን አይደለም ጋሽ አበጋዝ። እነሱ የሠሩትን ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «ልጅ አይደለሽ? ሄደሽ እውነተኛውን ስጡኝ በያ! ኋላ ከጠፋ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

በማግስቱ ወደ ደሴ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ የሁሉም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ለየራሱ ትምህርት መልስ ይመልሳል። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ «አይ፣ ሁለተኛው ነው» አለ፤ ዘምዘም ዞር ብላ አየችው፣ እሱ ግን አላያትም። እሷ ዓሣዎቿን አጥፍታ መንገዱን ታይ ነበር። ፈርታለች። ጥሬው ቅጂ ውስጥም ያ ዝግ ያለው ድምፅ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የምታስታውሰውን አባት የፈጠረችው ራሷ ናት ማለት ነው።

የምንጭ ማዕከል ድሮ ትምህርት ቤት በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ደወል የነበረው የመኪና ቸርኬ አሁንም ዛፉ ላይ ተሰቅሏል፣ እንዳይነካ ዙሪያው ታጥሯል። የመማሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ የተሣሉት ልብና ሳንባ ቀለማቸው ለቆ ይታያል። ጎብኚዎች አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው እየተቀመጡ ፎቶ ይነሣሉ፤ ተጣብቀው መቀመጣቸው ያስቃቸዋል።

መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ያፌት የሚባል ወጣት ነው። በሁለት ጆሮው ሁለት ትምህርት ስለሚማር እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«ምን ልታዘዝ እናቴ?»

«የአባቴን ድምፅ ነው የምፈልገው። የመምህር እንድሪስን።»

«መርጠው መስማት ይችላሉ እኮ! እስከ ወሩ መጨረሻ ነፃ ነው!»

«እሱን አይደለም ልጄ። እሱን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የምፈልገው ሳትነኩት በፊት የነበረውን ነው፣ ጩኸቱን። አባቴ ጯሂ ነበር። እናንተ አለዘባችሁት።»

ያፌት አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣ። በዚህ ዘመን ለሰው የሚሰጥ ክብር ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ባለው ስክሪን ጥቂት ፈለገና ራሱን ነቀነቀ።

«ድምፃቸውን አልነካነውም። የተጨመረው የጎደሉት ቃላት ብቻ ናቸው። ቅጂው ላይ በየመሃሉ ክፍተት ነበረበት፣ ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ሞላው።»

«ስህተት አይደለም። እሱን የሚሞላው ተማሪ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«አስተማሪው ቃሉን ይጀምራል፣ ተማሪዎቹ ይጨርሱታል። ሁሉም አንድ ላይ።»

ያፌት ያላገጠችበት መስሎት ፊቷን አጠና። «አንድ ላይ? ሁሉም ያንኑ ቃል?»

«ያንኑ ቃል። የተሳሳተም አብሮ ይጮኻል፣ ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም። ደስ ይል ነበር።»

ወጣቱ ሁለተኛውንም ማዳመጫ አወጣ። እንደገና ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ፣ አሁን ግን በትጋት ነበር።

«አንድ ነገር ግን አለ እናቴ። እውነትዎን ሳይሆን አይቀርም። ቅጂዎቹ ሲጀምሩ ድምፁ በጣም ከፍ ያለ ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ይወርዳል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዝቅ እንዳለ ነው። ሁሉም ላይ እንደዚያ ነው። የስልኩ ማይክ እየደከመ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሰው የወደደው የኋለኛውን ስለሆነ ከሱ ተሠራና የፊተኛው ቀረ።»

«ሰው በጆሮው አዳምጦት ያውቃል?»

«ሰው? አይ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያዳምጣል? ማሽን ነው።»

«እስቲ አንተ አሰማኝ» አለች ዘምዘም። «ከመጀመሪያው።»

ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዳት። ምስሉ ከጠፋ መቆየቱን፣ የቀረው ድምፁ ብቻ መሆኑን ነገራት። ዘምዘም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ የመፋቅ ነገር ተሰማ፤ ስልኩ ቆርቆሮው ላይ ሲደገፍ ነው። ራቅ ብሎ ወፍጮ ይፈጫል፣ አንድ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮኻል።

«እንግዲህ ተማሪዎች!»

ያፌት ዘለለ። ዘምዘም ግን አፏን ይዛ ሳቀች፣ እየሳቀችም እንባዋ መጣ። እሱ ነው! ጆሮዋ ውስጥ ሲጠፋባት የኖረው ድምፅ ራሱ ነው። ግድግዳውን የሚያንኳኳ፣ ሰው ሁሉ ሩቅ የቆመ የሚመስለው ሰው ድምፅ።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው አባቴ!»

«ድምፅ የሚፈጠረው አካላት ሲርገበ…»

«ገቡ!» አለች አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ።

«አልሰማሁም!»

«ገቡ!»

«ጎበዝ! ድምፅ ለመጓዝ ምን ያስፈልገዋል? መተላለፊ…»

«ያ!»

ያፌት ተገርሞ ወደ ዘምዘም ዞረ። ልጅቷ እሷ መሆኗን በጭንቅላቷ ነገረችው። ማሽኑ ይችን ልጅ የአካባቢ ጫጫታ ብሎ ነው ያወጣት። መምህሩ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ስለ ክራር ጅማት፣ ስለ ከበሮ ቆዳ፣ መብረቅ ለምን ቀድሞ እንደሚታይ። ልጅቷም ትጨርስለታለች። ነገር ግን መልሷ እየዘገየ መጣ። አንዱን ቃል በአፍንጫዋ አለችው፣ ሌላውን ግማሹን ዋጠችው። ምሳ ተበልቷል፣ ኮምቦልቻም ሙቀቷ የታወቀ ነው።

«ድምፅ ባዶ ቦታ ውስጥ አይተላ…»

መልስ የለም።

«አይተላ…!»

ዘምዘም ወንበሯ ላይ ትከሻዋን ሰበሰበች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቀዋለች። አርባ ዓመት ያህል አልፎም ሰውነቷ አልረሳውም፤ አሁን ይጮኽባታል፣ ዱካውን ያንኳኳል፣ «ክፍል ውስጥ ይተኛል?» ይላል። ያፌትን ዝጋው ልትለው እጇን አነሣች።

«ዘሙ?» አለ አባቷ።

አልጮኸም።

«ዘሙዬ።»

ከዚያ እርምጃ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ ጫማ ያወለቀ ሰው እርምጃ። የጨርቅ ድምፅ መጣ፤ ጋቢ ከአንድ ቦታ ተስቦ ሌላ ቦታ ሲለበስ። ዱካው ትንሽ ተንቋቋ፣ አንድ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፣ ሰው ሕፃን አቅፎ ሲያነሣ እንደሚተነፍሰው። ወፍጮው ይፈጫል። እርምጃው ተመለሰ፣ መምህሩ ስልኩ አጠገብ፣ በጣም አጠገብ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ያ አገር ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ይቅርታ ተማሪዎች። ቀስ ብለን እንቀጥል። ክፍሉ ተኝቷል።»

አንጠልጥሎት የሄደውን ቃል ራሱ ጨረሰው። «አይተላለፍም» አለ በሹክሹክታ።

ጋሽ አበጋዝ ሐዘናቸውን ያሳለፉበት፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ወረፋ ላይ የምትሰማው፣ እናቶች ልጅ የሚያስተኙበት ድምፅ ይህ ነበር። ሰው ሁሉ ለኔ ብቻ ነው የሚለው ድምፅ ለአንዲት ልጅ ብቻ ነበር፤ እንዳትነቃ። በየቅዳሜው እየተኛች፣ በየቅዳሜው እያነሣ አስተኝቷት፣ የቀረውን ትምህርት ሁሉ እንዲህ እያንሾካሾከ ጨርሶታል። እሷ አታውቅም። እንዴት ታውቅ? ያን አባት ለማየት መንቃት ነበረባት፣ ብትነቃ ደግሞ አታየውም ነበር። ናፈቃት። የምታስታውሰው አባት በዚህ ሁሉ ዓመት ያልናፈቃትን ያህል ይህ ያላየችው ናፈቃት፣ እዚያች ክፍል ገብታ፣ ጋቢው ሥር ሆና፣ ዓይኗን በጥቂቱ ብቻ ገልጣ ልትሰማው ፈለገች።

ያፌት ጉሮሮውን ጠረገ። ልማድ ሆኖበት እንደገና ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው።

«እናቴ፣ ይሄን ሳይጠፋ ላስወጣልዎት እችላለሁ! ልጃቸው ስለሆኑ ይፈቀዳል! ሌሎቹንም…»

ዘምዘም ፊቷን ከድምፁ ሳታነሣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በል ልጄ» አለችው። «ትነቃለች።»

ያፌት አፉን ዘጋ። ማዳመጫዎቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ወንበሩን እንዳይጎተት በእጁ አንሥቶ ከጎኗ አስቀመጠው፣ ቁጭ ብሎም አብሯት መማር ጀመረ።